ደንን ያሞቀ ደን

ጥር ነው፣ ኦስትራቫ። ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት።
የትራሙ ሽቦ ይተፋል ሰማያዊ እሳት።
ትንፋሻችን ወጥቶ ጢም ላይ ሲሆን በረዶ፣
መስታወቱ ቤት ውስጥ ደን ያልበዋል፣ እርጥበቱ ከብዶ።

ግድግዳው ላይ ካርታ አለ፤ አገር አልተጻፈበትም፤
ባንዲራ የለበትም፣ ኬላ የለበትም።
ከሜክሲኮ ቆላ እስከ ደቡብ ጫፍ፣ ሁሉም ባንድ አረንጓዴ፤
ድንበሩን ዝናብ ነው ያሰመረው፣ አይደለም ጎራዴ።
ካፍሪካ ተገንጥሎ ስንት ሚሊዮን ዓመት ብቻውን የዋለ፣
የራሱን አራዊት በራሱ ጭቃ ጠፍጥፎ የሳለ።

እኔ ተረኛ ነኝ፣ የሌሊት ሐኪም ረዳት፤
ለዚያች ባለ ሁለት ጥፍር፣ በቋንቋዬ ስም አጣሁላት።
መዝገቡ «ስሎዝ» ይላል። እኔ «ዝግታ» አልኳት በኋላ፤
ተገልብጣ ተኝታ፣ ተገልብጣ በልታ፣ ተገልብጣ ውላ፣
እንቁላል በእግሩ ሄዶ ሲደርስ፣ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት፤
ፀጉሯ አረንጓዴ፣ እንደ ኩሬ ዳር አልጌ የበቀለባት።

ቱካኑ ምንቃሩን ይዞ ይዞራል፣ እንደ ተዋሰው ዕቃ፤
ማታ ጀርባው ላይ አስተኝቶት፣ ያድራል እንዳይነቃ።
ጃጓር የለንም፤ ያለው የተቀባ ነው፣ በሰባት ዓመት ልጅ፤
«አምስተኛዋ እግር ጅራት ናት» ትላለች እናቱ፣ የኛ ወዳጅ።

ሰማያዊ እንቁራሪት፣ ያውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል፤
በጫካዋ ብትሆን መርዟ ጎልማሳ የሚጥል፤
እዚህ ግን በተረባ ዝንብ አድጋ፣ መርዙን ረስታዋለች።
ቀለሙ ብቻ ቀርቷታል፤ እሱን ለብሳ ታስፈራራለች።

ጉንዳኖቹ ቅጠል ቆርጠው ይሄዳሉ ሰልፍ ይዘው፣
እያንዳንዷ አረንጓዴ ጥላ ዘርግታ፣ እንደ ጥምቀት ሰው።
ቅጠሉን አይበሉትም፤ ጓዳቸው ውስጥ እንጉዳይ ያርሱበታል።
ገበሬ ናቸው እነሱም፤ ግብሩን ማን ይጠይቃል?

ምድር ቤቱ የቦሁሚል ነው። ሠላሳ ዓመት የከሰል ቆፋሪ፤
ጉድጓዱ ሲዘጋ፣ ለዚህ ደን ሆነለት እሳት ጫሪ።
አንድ ማታ ቢራውን አስቀምጦ፦
«ምን እንደምናነድ ታውቃለህ?
ከሰል ብቻ እንዳይመስልህ።
ይህቺ ኦስትራቫ ሐሩር ነበረች፣ ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ወዲያ፤
ረግረግ፣ ግዙፍ ፈርን፣ አሞራ የሚያህል የውኃ ተርብ መናኸሪያ።
ደን ነው ደኑን የሚያሞቀው» አለና፣ መስኮቱን አሳየኝ፦
ጥቁር የከሰል ጉማጅ፤ የፈርን ቅጠል ታትሞበት፣ ደም ሥሩ ሳይቀር ታየኝ።
«ለሊድሚላ ነበር ያወጣሁት፣ ከስምንት መቶ ሜትር ጥልቀት፤
አበባ መሸጫው ተዘግቶ ነበር፣ የልደቷ ለት።»

ዛሬ ሌሊት ግን የጭነት መኪናው በረዶ ላይ ቀረ።
ከሰሉ አለቀ። ሙቀት መለኪያው መውረድ ጀመረ፦
ሃያ ስድስት። ሃያ ሦስት። አሥራ ዘጠኝ።
የእንቁራሪቶቹን ሳጥን በካፖርቴ ሸሸግሁ፤ ቅዝቃዜያቸው ደረቴን ነካኝ።
ጉንዳኖቹ ቆሙ፣ እያንዳንዷ ቅጠሏን እንደያዘች፤
ዝግታ ግን፣ ይገርማል፣ ወደ ቧንቧው ጉዞ ጀመረች።
አንድ ክንድ።
ረጅም ጊዜ።
ሌላ ክንድ።
«ፍጠኚ» አልኳት፤ በአማርኛ፣ በቼክኛ፣ በሆድ።

ከታች ቦሁሚል ወንበር ሰበረ፣ መደርደሪያ ሰበረ፤
አሮጌ በር፣ የቆፋሪነት ሣጥኑን ጨመረ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የእሳቱ ድምፅ ተለወጠ፤
ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገና፣ አንድ ጉንጭ ሙቀት ዋጠ።

ሲነጋ መኪናው መጣ። ማንም ምንም አልጠየቀ።
ዝግታም ቧንቧው ሥር ደረሰች፣ ሁሉ ነገር ካለቀ።
ቁልፍ ላስረክብ ወረድሁ። ቦሁሚል ጫማውን ሳያወልቅ ያንኮራፋል።
መስኮቱ ላይ አቧራ፤
አቧራው መካከል፣ መዳፍ የምታክል፣ ንጹሕ ባዶ ስፍራ።